ሠርገኛ መጣ፦ የአንድ ዳተኛ ሙሽራ የሥራ ዕቅድ ጥናት

መግቢያ

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት እስከ ዛሬ ሲተረጎም የኖረው እንደ ሽሙጥ ነው። የዚህ ጥናት አቅራቢ ግን ተረቱ የተሟላ የሥራ ዕቅድ ነው ብሎ ያምናል። ሥራው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጀመርና እነማን እንደሚሠሩት በአራት ቃላት አስቀምጧል። የተናጋሪው የራሱ የሥራ ድርሻ ብቻ አልተጠቀሰም። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

የጥናቱ ዘዴ

ናሙናው አንድ ሙሽራ ሲሆን እርሱም አጥኚው ነው። ናሙናው ያንሳል የሚል ይኖር ይሆናል፤ በቤተ ዘመዱ አስተያየት ግን አንዱም በዝቷል። ጥናቱ ሽማግሌ ከተላከበት ከሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. እስከ ሠርጉ ዕለት እስከ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለውን 224 ቀን ይሸፍናል።

ቀኑን የቆረጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከጥምቀት ወዲህ፣ የነነዌን ጾም ሳይሻገር። በዚያ ዓመት ነነዌ የካቲት 3፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ የካቲት 17 ይገቡ ነበር። የአጽዋማት መቁጠሪያው ባሕረ ሐሳብ ይግባኝ የለውም። ነነዌ ከጥር 17 አይቀድምም፣ ከየካቲት 21 አይዘገይም፤ በመካከሉ ሲመላለስም ሙሽራን አያማክርም። ያመለጠው ሰው 55ቱን የጾም ቀናት ቆጥሮ ፋሲካን ይጠብቃል።

ሙሽሪት በጥናቱ አልተካተተችም። መጠይቁ ሲቀርብላት ለሁሉም ጥያቄዎች በዐይኗ መልሳለች።

ግኝት አንድ፦ የ«ይለፍና» ሕግ

ዳተኛ እምቢ አይልም፤ ቀጠሮ ይሰጣል። «ድንኳኑን ተነጋገርክ?»፣ «ካርዱን አሳተምክ?» ለሚሉ ጥያቄዎች የተመዘገቡት መልሶች በቅደም ተከተል የሚከተሉት ናቸው። የሰኔ ጾም ይፈታና። ፍልሰታ ይለፍና። ዘመን ይለወጥና። መስቀል ይለፍና። ክረምቱ ጠቅልሎ ይውጣና። ደመወዝ ይግባና። ገና ይዋልና። ጥምቀት ይለፍና። አንድ በአንድ ሲታዩ ሁሉም አሳማኝ ናቸው። ሲደመሩ 210 ቀን ሆነዋል።

ፓርኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ በ1955 እ.ኤ.አ. ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል ብሎ ነበር። የእኛ ናሙና ይህን አያረጋግጥም። ሥራው አልተለጠጠም፤ አልተጀመረም።

ግኝት ሁለት፦ መደራጀት

አጥኚው አልተደራጀም ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው። በሐምሌ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝቷል። በነሐሴ ደብተሩን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምሯል። በመስከረም «የሠርግ ኮሚቴ» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቷል። ግሩፑ እስከ ጥር ድረስ በሥራ ላይ ነበር፤ አባላቱ በየበዓሉ አበባ ያለበት «እንኳን አደረሳችሁ» ይለዋወጡበት ነበር። ደብተሩ ላይ የተሞላው ዐምድ «የሚጠሩ ሰዎች» የሚለው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በእናቱ እጅ ጽሕፈት ነው።

ግኝት ሦስት፦ ጥድፊያ የማይገባቸው ነገሮች

የሠርግ ሥራ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ገንዘብና ልመና የሚያፋጥነው ነው፤ ካርድ፣ ዲጄ፣ የሚዜ ሱፍ። ሱፎቹ የደረሱት በሠርጉ ጠዋት ነው፤ የአንደኛው ሚዜ ሱሪ እግሩ ስላልታጠፈ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ውሏል። ካርድም ታድሏል። አንድ የሥራ ባልደረባ ጥር 26 ደርሶት ለመልሱ በሰዓቱ ተገኝቷል።

ሁለተኛው ምንም የማያፋጥነው ነው። ጠጅ ማርና ጌሾው ተስማምቶ እስኪበስል ሳምንታት ይፈልጋል። በርበሬም ዛላው ተቀንጥሶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ተደቁሶ፣ በዝንጅብል፣ በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ ተደልዞ፣ ዳግም ተሰጥቶ፣ ታምሶ፣ ከኮረሪማና ከነጭ አዝሙድ ጋር ወፍጮ ቤት ይወርዳል። አጥኚው ይህን ሁሉ የተረዳው ጥር 12 ቀን፣ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ነበር። ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደጻፈው በዚያ ሠርግ የወይን ጠጁ ማለቁን ያየችው የኢየሱስ እናት ናት፤ ጋኖቹን ውኃ የሞሉት አገልጋዮች ናቸው። የግብዣው አሳዳሪ ግን መልካሙን ጠጅ እስከ አሁን አቆይተሃል ብሎ ያመሰገነው ሙሽራውን ነው። ሙሽራው ምን ብሎ እንደመለሰ አልተጻፈም። አጥኚው ዝምታውን ይረዳዋል።

በዚያው ዕለት እናቱ ቤት ደርሶ «እማዬ፣ የበርበሬው ነገር እንዴት ይሁን?» አላት። እናቱ መልስ ሳትሰጥ ጓዳውን ከፈተችለት። በርበሬው በኅዳር ተፈጭቶ በጆንያ ተቀምጧል። ጠጁ ተጥሎ ጋኑ ታትሟል። የእድሩን ድንኳን አጎቱ በመስከረም አስይዘውታል። በሬውን አክስቱ ቀብድ ከፍለውበታል። አጥኚው በ224 ቀን ያልሠራውን ሁሉ እርሱን ሳያማክሩ ሠርተውታል።

ማጠቃለያ

አሁን ወደ ተረቱ ሰዋስው እንመለስ። «ቀንጥሱ» ለብዙ ሰዎች የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ተናጋሪው «እንቀንጥስ» አላለም። ስለዚህ የተረቱ ችግር የበርበሬው መዘግየት ሳይሆን ቀንጣሾቹ ሌሎች መሆናቸው ነው። ዳተኛ በሰላም የሚዳረው በዙሪያው ዳተኛ ያልሆነ ሰው ስላለ ነው፤ ሠርጉ ባማረ ቁጥርም ያ ሰው ይበልጥ አልተኛም ማለት ነው። ጥር 25 ቀን ብዙ እንግዶች አጥኚውን በዝግጅቱ አመስግነውታል። እርሱም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሏል።

ለወደፊት ሙሽሮች የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ደብተር ከመግዛታችሁ በፊት ጓዳ ግቡ፤ የምታገኙትን ሰው እጁን ስሙ፤ ቀጥሎም ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ ቀንጥሱ።

አጥኚው በአሁኑ ጊዜ ስለ ልጅ ሲጠየቅ «ቤቱ ይስተካከልና» ይላል። እናቱ የገንፎውን ገብስ አስፈጭታ ጨርሳለች።