የጀማሪ ካሜራ ያለህ!

እኛ የጠየቅነው ብዙ አይደለም። የልጅ ልደት፣ የእህት መልስ፣ የጥምቀት ዋዜማ ከስልክ ሻል አድርጎ የሚያነሳ፣ ሌንሱ የሚፈታ፣ ኪስ የማያራቁት ካሜራ ነው። ፒያሳ ወጣን፣ ቦሌ ወረድን፣ «ለጀማሪ የሚሆን ዲኤስኤልአር አለ?» አልን። «ሞልቷል!» አሉን። እውነት ነው፣ ሞልቷል። ችግሩም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስሙ። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው አንድ ካሜራ አለ። አውሮፓ 2000ዲ ይሉታል። አሜሪካ ሬብል ቲ7 ይሉታል። እስያ ውስጥ 1500ዲ ነው። ጃፓን ሲገባ ኪስ ኤክስ90 ይሆናል። ሜሪላንድ ያለው አጎታችን «ቲ7 ልላክላችሁ» ይላል። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስታችን ልጅ «እሱን ተዉት፣ 2000ዲ ይሻላል» ትላለች። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ በቴሌግራም ሲሟገት ያመሻል። በአንድ ካሜራ!

ቀጥሎ ቁጥሩ። ካኖን ጋ ቁጥሩ ሲረዝም ዕቃው ያንሳል፤ 4000ዲ ከ2000ዲ ያንሳል፣ 2000ዲ ከ200ዲ ያንሳል፣ 5ዲ ሁሉንም ያስከነዳል። ገባን ብለን ወደ ኒኮን ዞር ስንል፣ እዚያ ደግሞ ዲ7500 ከዲ3500 ይበልጣል። እንግዲያው እዚህስ ትልቁ ቁጥር ነው ስንል ዲ850 ከች ብሎ ዲ7500ን ይበልጠዋል። ይሁን ብለን አለፍን።

ከዚያ የጎደለው ይመጣል። 4000ዲ ሌንስ የሚታሰርበት ቀለበቱ ፕላስቲክ ነው። ይሁን። መነጽር የምናደርግ ሰዎች በማያው ቀዳዳ ስናይ ለዓይናችን የምናስተካክልባት ትንሽ መዘውር ነበረች፤ እሷም የለችም። ይሁን። የፍላሹ ነገር ግን ይሁን አይባልም። ካሜራውን አንሱና አናቱ ላይ ፍላሽ የሚሰካበትን ቦታ እዩት። ድሮ መሃል ላይ ክብ ብረት ነበረች። ያቺ ብረት ካለች የማንም አገር ፍላሽ፣ የማንም ፋብሪካ ፍላሽ ይሠራል። 2000ዲ እና 4000ዲ ላይ ተነሥታለች። የሰርግ ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚጠቀምበትን ርካሹን የቻይና ፍላሽ ገዝተን እንሰካለን፤ ቀይ መብራቷ ትበራለች፣ ብልጭ ግን አትልም። ቁልፉን እንጫናለን፣ ካሜራው ቀጭ ይላል፣ ፍላሹ ዝም ይላል። ብረቷ ብትኖር ስንት ሳንቲም ታስወጣ ነበር?

ኒኮን ግዙ ይሉናል። ኒኮን ደግሞ ሞተሩን አወጣው። እ.ኤ.አ. ከ2006ቱ ዲ40 ጀምሮ የጀማሪ የሚባሉት የኒኮን ካሜራዎች ሌንሱን የሚያሽከረክር ሞተር ሆዳቸው ውስጥ የላቸውም። ባለሞያዎች እጅ ላይ የቆየውን፣ ጥሩውንና ርካሹን የድሮ ሌንስ ስናገኝ ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ፎከስ ግን በእጃችን ነው። በቃ አዲስ ሌንስ እንግዛ እንላለን። ኤኤፍ-ፒ የሚባሉት አዳዲሶቹ ደግሞ እንደ ዲ3200 ባሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ በእጅም እንኳ ፎከስ አያደርጉም። ስለዚህ አሮጌው ሌንስ አዲሱን ካሜራ ያስቸግረዋል፣ አዲሱ ሌንስ አሮጌውን ጭራሽ አያውቀውም። ሁሉም ግን ስሙ ኒኮን ነው፣ ሁሉም ቀዳዳው ይገጥማል።

የሌንሱንስ ነገር ማን ይችለዋል! ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የእጅን መንቀጥቀጥ ይቋቋማል፣ ሌላው አይቋቋምም። መልካቸው አንድ ነው። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ በደቃቁ የተጻፉ ሁለት ፊደላት ናቸው። ባለሱቁ የሚያቀርብልን ፊደል የሌለውን ነው። ምርቃት ደግሞ 75-300 ይጨምርልናል። ረጅም ነው፣ ያምራል፣ ቄሱን ከሩቅ ያመጣል፤ መንቀጥቀጥ መቋቋሚያ ግን እሱም የለውም። ለማታ ዝማሬ ይዘነው ሄድን። ያመጣነው የብርሃን ጭረት ነው።

«50 ግዙ፣ 50 የሌለው ፎቶ አንሺ አይባልም» ይሉናል። ገዛን። በእነዚህ ትናንሽ ሴንሰር ባላቸው የካኖን ካሜራዎች ላይ 50ው እንደ 80 ሆኖ እንደሚያይ የነገረን የለም። ሳሎናችን ውስጥ ጀርባችንን ግድግዳው ላይ ለጥፈን፣ ቡፌው ጎናችንን እየወጋን፣ አክስታችንን ስናገኝ ረከቦቱን እናጣለን፤ ረከቦቱን ስናገኝ አክስታችንን። ለእንዲህ ያለ ቤት 24 ሚሊሜትሩ ይሻል ነበር። እሱን ደግሞ «በትዕዛዝ ነው» ይሉናል።

ያገለገለ እንግዛ? «የዲያስፖራ ዕቃ ነው፣ አልተሠራበትም» ይሉናል። መያዣው ጎማ ግን ተልጦ ያብረቀርቃል፣ የቁልፎቹ ጽሑፍ ጠፍቷል። ስንት ፎቶ እንዳነሳ ለማወቅ ኒኮን ከሆነ ከፎቶው ፋይል ይነበባል፤ ካኖን ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተርና ፕሮግራም ይዞ መሄድ ነው። ባለቤቱ ቆሞ «ፈጠን በሉ፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» እያለ!

ይህን ሁሉ ችለን ልንከፍል ስንል አንዱ ወጣት ከጎን ብቅ ይላል። «ዲኤስኤልአር እኮ አብቅቶለታል፣ ሚረርለስ ግዙ።» አልተሳሳተም፤ ካኖን ራሱ ከ1ዲኤክስ ማርክ 3 በኋላ ሌላ ዋና የዲኤስኤልአር ካሜራ እንደማይሠራ እ.ኤ.አ. በ2021 አስታውቋል። ሚረርለስ ስንል ግን አዲስ ቀዳዳ፣ አዲስ ሌንስ፣ አዲስ አስማሚ፣ አዲስ ባትሪ። ከድጡ ወደ ማጡ።

የገረመን ይሄ ነው፤ ባለሞያው የሚገዛው ውድ ካሜራ ብረቷም አለው፣ መዘውሯም አለው፣ ኒኮን ከሆነ ሞተሩም አለው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቢገዛ አይሳሳትም። ምን እንደጎደለ መርምሮ እንዲገዛ የተፈረደበት፣ ምን መኖር እንዳለበት ገና የማያውቀው ጀማሪ ነው። ስለዚህ ካምፓኒዎች ሆይ፣ ካርቶኑ ላይ 24 ሜጋፒክስል ብላችሁ በትልቁ መጻፉን ተዉልን። ያወጣችሁትን ጻፉልን። ቦታ ካነሳችሁ በጎኑም ጻፉ፣ በሥሩም ጻፉ፤ ማንበቡን እኛ እንችላለን።