ነፃ ትምህርት

እንግሊዝ አገር ግራመር ስኩል የሚባሉ 163 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። ክፍያ የላቸውም። ልጅቷ በአሥር ዓመቷ ተፈትና ማለፍ ብቻ ይጠበቅባታል። ለዚህ ነፃ ትምህርት ሲባል አባት ለአስጠኚ በሰዓት ይከፍላል፤ እናት ቅዳሜዋን ትገብራለች፤ የባሰበት ቤተሰብ ደግሞ ኪራይ ወደሚወደድበት ሰፈር ጓዙን ጠቅልሎ ይገባል። ፈተናው የሚለካው ተፈጥሮ የሰጠችውን ብልህነት ነው አሉ። ተፈጥሮም፣ ምን ይሳናታል፣ አስጠኚ ላለበት ቤት ታደላለች።

ሰሜን ለንደን ያለውን የሄንሪዬታ ባርኔት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተመልከቱ። ወይዘሮ ሄንሪዬታ በ1911 (እ.ኤ.አ.) ያቋቋሙት ሀብታምና ድሃ ተጎራብተው እንዲኖሩበት ባለሙት ሰፈር ነው። ዛሬ እዚያ ቤት የሚሸጠው በሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ ትምህርት ቤቱም በሁለት ዙር አበጥሮ በዓመት መቶ ገደማ ሴት ልጆችን ይቀበላል። በ1998 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግም አዲስ ግራመር ስኩል እንዳይከፈት ሲከለክል የነበሩትን አልነካም።

የለንደን ሐበሻ እናቶችም ዘዴው ገብቷቸዋል።

«እንዴት አለፈችልሽ እህቴ?»

«ኧረ ምንም አላስጠናኋትም! እመብርሃን ረድታት ነው።»

«እስቲ የአስጠኚዋን ስልክ?»

«ውይ፣ ቀፎ ስቀይር ቁጥሯ ጠፋብኝ!»