ወንበሩ የጣሊያን፣ ጠቡ የናንተ

ደሴ ፒያሳ ማኪያቶውን ይዞ «አያቴ በጣሊያን ጊዜ ትልቅ ሹም ነበሩ» ለሚል ሰው መልሱ «ለማን?» ነው። አብሽር ወንድሜ፣ አያትህን ልነካ አይደለም። የዋናዎቹ ጉድ ሲቆጠር የሳቸው ተራ መች ይደርሳል!

ከላይ እንጀምር። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ (አንቱታውን ለሌላ አቆይቼዋለሁ) የንጉሡ አማች ነበር። ትግራይን ከራስ ሥዩም መንገሻ ጋር መካፈሉ ቢያንገበግበው፣ በ1928 ጦርነቱ በተከፈተ በሳምንቱ ገደማ ከድቶ ጣሊያን ጉያ ገባ። ራስም አሉት። ከማይጨው ጦርነት በኋላ ደግሞ ሥዩም ራሳቸው መጥተው ገቡ። አይ ጉግሣ! የሸሸኸው ሰው እዚያው ደጅ አገኘህ። የተጣሉባት ትግራይስ? ጣሊያን ግንቦት 1928 ባወጣው ሕግ ከኤርትራ ጋር ቀላቅሎ ገዢዋን አስመራ አስቀመጠው። ለሥዩም ግማሹን ላለመስጠት ብለህ ለሮማ ሙሉውን ጀባ አልክ?

«እኔ ግን የጎጃም ባለርስት ነኝ» ይላሉ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት። ነበሩ እንጂ! ከዙፋን የወረዱትን ልጅ ኢያሱን ከእስር አስመልጠዋል ተብለው ከ1924 ጀምሮ እስረኛ ሆነው ከረሙ፤ ንጉሡ ሲሰደዱ ተፈቱ። ቂሙ ይገባናል። ግን በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሣን ልጆች፣ አበራንና አስፋ ወሰንን፣ ምሕረት አለ ተብሎ እጃቸውን እንዲሰጡ ያግባቡት እርስዎ ነበሩ። ፍቼ ላይ ተረሸኑ። ራስ ሆይ፣ የምሕረቱ ዋስ ማን ነበር?

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስስ? የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ የጻፈ ብዕር ነው። ጣሊያን አፈ ቄሣር ብሎ ሾመው። አፉ አዲስ አበባ፣ ቄሣሩ ሮማ፤ በመሀል የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ጣሊያን ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ደሴ ገባ። ወሎና የጁ በጎንደሩ የአማራ ገዢ ሥር ሆኑ። ደሴ ላይ ያለው ኮሚሳሪዮ ጣሊያን፣ አውራጃው ላይ ያለው ሬዚደንቴ ጣሊያን። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከራሶች ጋር አንካፈልም ብሎ ገና ከጅምሩ ቆርጧል። ታዲያ የኛ ሹማምንት በምን ይናከሱ ነበር ትለኛለህ? በካባ! በደሞዝ! ሬዚደንቴው በር ላይ ማን ቀድሞ ይገባል በሚለው! ወዳጄ፣ ከሁለታችሁም በፊት የሬዚደንቴው አስተርጓሚ ገብቶ ወጥቷል።

ጌቶቹም ከነሱ አይሻሉም። የኤርትራውን ጦር እየመራ ደሴን የያዘው ጄኔራል ፒርሲዮ ቢሮሊ የአማራ ገዢ ሆኖ ጎንደር ተቀመጠና ከአዲስ አበባው እንደራሴ ከግራዚያኒ ጋር ተናቆረ። ግራዚያኒ ደግሞ ከሮማው የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ከሌሶና ጋር። 1930 ሳይጋመስ ሦስቱም ወንበራቸውን አጡ። ሎሌስ ከማን ይማር?

«መንገድ ሠርተውልናል» የሚል አይጠፋም፤ ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ ወደ አሰብ እየጠቆመ። ሠርተዋል፣ አንክድም። በሠሩት መንገድ የደቡብ አፍሪካ ጦር ከነአርበኛው ከአዲስ አበባ ተንደርድሮ መጣና ሚያዝያ 14 ቀን 1933 ኮምቦልቻን፣ በ18 ደሴን ያዘ። ለጥሩ አስፋልት ምስጋና!

ራስ ኃይሉ ደብረ ማርቆስ ላይ ንጉሡ ፊት ቀርበው እጅ ነሱ፤ ከዚያ በኋላ ጎጃምን አልገዙም። ሥዩም ከጣሊያን በጊዜ ፊታቸውን አዙረው ነበርና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትግራይ ገዢ ሆነው ተመለሱ፤ ሙሉዋን፣ ያለ ተካፋይ። ጉግሣስ? ጉግሣማ እስር ላይ ነበር።