አንድ ሰዓት አይሞላም

የልጅ ልጄ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «አካኮ፣ ከነቀምቴ አዲስ አበባ በአየር 240 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም» አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው 331 ነው። ዘጠናውን ማን በላው? «ጠመዝማዛው ነዋ!» አለኝ ፈርጠም ብሎ። ባኮን፣ ጌዶን፣ ጉደርንና አምቦን ጠመዝማዛ ይልልኛል!

ያ ጠመዝማዛ አብልቶን ነው ያሳደገን። ባኮ ላይ ማንጎው በአውቶቡሱ መስኮት ይገባል። አገር ሲዘራው የኖረው ቢኤች 660 የተባለው በቆሎ የወጣበትን የምርምር ጣቢያም ያኔ በዓይናችን እናየዋለን። ጌዶ ስንደርስ ጋቢ ይወጣል፤ አምቦ ላይ ውሃው ተጠጥቶ ይገሳል። ለዘንድሮ ልጅ ይሄ ሁሉ ደመና ነው።

ዳሽ 8 የተባለው አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል አሉ። ይብረር! ግን ቀድማችሁ ተገኙ፣ ቀበቶ ፍቱ፣ ጫማ አውልቁ የሚባለውን ማን ቆጠረው? በዚህ ዕድሜዬ ሱሪዬን በእጄ ይዤ የልጅ ልጄን የምታክል ፈታሽ ፊት የቆምኩበት ሰዓት ስልኩ ላይ የለም።

ደምቢ ዶሎዎች ደግሞ አሉላችሁ። ከእኛ እጥፍ ያህል ርቀው እየኖሩ ስንት ዘመን በአናታችን ላይ አለፉ! እኛ ጎማ ስናስቀይር እነሱ ቤታቸው ገብተው ቡና ቀላ ይቆረጥማሉ። አሁን እኛም አውሮፕላን ማረፊያ አገኘን፤ ይኸው ዴዴሳን ተሻግሮ ያለው ጊምቢ፣ 110 ኪሎ ሜትሩ፣ ከአዲስ አበባ ራቀብን። አማቶቼ እዚያ ናቸውና በዚህ ብዙም አላማርርም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሩቅ መንገደኛ ክብር ነበረው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው ኦነሲሞስ ነሲብ ወለጋ ለመግባት ከምፅዋ በኩል ስንት ዓመት ደክሞ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ሲደርስ፣ ገዢው ኩምሳ ሞረዳ በክብር ተቀበሉት። አንድ ሰዓት በማይሞላ በረራ ቢመጣ ኖሮ ማን ቀና ብሎ ያየው ነበር? የእኔም ልጅ በአውቶቡስ ሲመጣ ጭምቦ ይጋገራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሳምንት ይሰነብታል። አሁን ጠዋት ይደርስና አንጮቴው ሳይበስል «በረራዬ ደረሰ» ብሎ ይነሳል።

እሱም ከመጣ ነው። ድሮ ሲቀር «አባዬ፣ መንገዱ!» ይለኝ ነበር፤ እኔም ልጄን ትቼ መንገዱን እረግማለሁ። ዛሬ በመንገዱ ማሳበብ አይችልም፤ መምጣቱም አልተገኘም። «ስብሰባ አለብኝ» ይለኛል። መንገድ መራገሙን እንኳ ተክኜበታለሁ፤ ስብሰባ እንዴት እንደሚረገም ግን ከነቀምቴ ሽማግሌዎች መካከል የሚያውቅ እስካሁን አላገኘሁም።