እርጅና በሶፍትዌር

ሮላንድ ቲቢ-303 የተባለው ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ላጣ ሙዚቀኛ ነበር። ድምፁ ቤዝ ጊታር አልመስል አለና በ1984 ምርቱ ቆመ፤ ያገለገለውም በርካሽ ተቸበቸበ። ዛሬ ዋጋው ስለማይቀመስ ድምፁን የሚያስመስል ሶፍትዌር ይሸጥልናል።

የድሮ አናሎግ ሲንተሳይዘር ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅበት ቅኝቱ ይዛነፋል። የሶፍትዌሩ መሐንዲሶች ይህንኑ ጉድለት በስንት ድካም አስልተው “እርጅና” መጨመሪያ ቁልፍ ሠሩለት። ደብረ ማርቆስ ላይ ክረምቱ የማሲንቆውን ቆዳ ሲያላላው አዝማሪው ያን ሁሉ መዛነፍ በነፃ ያገኛል፤ ምስኪን፣ በእሳት እያሞቀ ሊያጠፋው ይታገላል!

የሠርጉ ኪቦርድ ተጫዋችማ ማሲንቆውን ራሱን በአንድ ቁልፍ ያስጮኸዋል። ቆዳ የለው፣ ጭራ የለው፤ ብሩ ግን ግንባሩ ላይ እኩል ይለጠፍለታል፣ መብራት እስኪሄድ።