ጡረታ ከነተሳቢው

ሜልበርንና አዲስ አበባ የሚስማሙት በሰኔና በሐምሌ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጋ ይበርዳል፣ ሁለቱም ጋ ሰማዩ ያኮርፋል። የአዲስ አበባው ጡረተኛ ጋቢውን ደርቦ መስከረምን ይጠብቃል። የአውስትራሊያው ግን መኪናው ላይ ካራቫን የሚባለውን ተሳቢ ቤት ቀጥሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ሙቀቱ ይሸሻል። ግንቦት ሲጋመስ ከደቡብ የሚነሡትን አውራ ጎዳናዎች ያየ እንግዳ፣ አገር ተፈትቶ ሽበታም ሁሉ የሚሰደድ ይመስለዋል። ግሬይ ኖማድስ፣ ሽበታም ዘላኖች፣ ይሏቸዋል። ቤታቸውን ሸጠው የወጡ አሉ። የልጆቻቸውን ውርስ እየበሉ መሆኑን በካራቫናቸው ጀርባ ላይ በኩራት የለጠፉም አሉ። አበሻ እንዲህ ብሎ ቢለጥፍ ልጆቹ ሽማግሌ ይልኩበት ነበር።

እኔና ባለቤቴ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ለመቀላቀል መወሰናችን በሜልበርን የአበሻ ሰፈር፣ በፉትስክሬይ፣ ሲሰማ ወዳጅ ዘመድ አዘነልን። ለእኛ ሰው ቤት እያለው መኪና ላይ ማደር ጤና አይደለም። አንዷ ወዳጃችን ባለቤቴን ለብቻዋ ጠርታ፣ «የቤቱ ዕዳ ከብዷችሁ ከሆነ አትደብቂኝ፤ ዕድር አለን እኮ» አለቻት።

ሰው ወደ መሀል አውስትራሊያ የሚሄደው አገር ለማየት ነው ይባላል። ውሸት ነው። አገሩማ አንዴ ከታየ ለቀጣዩ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያው ነው፤ ቀይ አፈር፣ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ ሰማይ። የሚታየው አጠገብህ የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ፣ እሷ ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች፣ ትዳራችን በር ላይ ስንተላለፍ የኖረ ነው። «ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው»፣ «የልጁን ፎርም ፈርም»፣ «ደህና እደር» — ይኸው ነበር። ሁለታችንም ሳናወራው የቀረ ወሬ ነበረን፤ እሷ ግን ከእኔ ይልቅ አጠራቅማለች።

መጀመሪያ የተፈተነው ትዳራችን ሳይሆን ቃሪያችን ነው። በሚልዱራ በኩል ከቪክቶሪያ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ ስትሻገሩ ያምባ የሚባል ኬላ አለ። የሚፈተሸው ኮንትሮባንድ አይደለም፤ የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ክፍለ ግዛቱ ፍራፍሬውን ከዚህች ዝንብ ለመጠበቅ ሲል ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ቃሪያና የመሳሰለውን ይዞ መግባት ይከለክላል። ወይ ትጥላለህ፣ ወይ እዚያው ትበላለህ። ባለቤቴ አንድ ከረጢት ሙሉ ቃሪያ ይዛ ነበር፤ እህል መጣል ደግሞ በእሷ ዘንድ ከንስሐ አባት ጋር የሚያገናኝ ጉዳይ ነው። ታጣፊውን ጠረጴዛ ዘረጋች፤ ሽንኩርቷን ከተፈች፤ ቲማቲሙንም ጨመረችበት፤ ቃሪያውን እየሰነጠቀች ስንግ አደረገችው። እየበላን እንባችን ሲወርድ ወጣቱ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቆመ። ሕጉን በዚህ ዓይነት ትጋት የሚያከብር ዜጋ አይቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም። አንድ አጎረሰችው። ከዚያ በኋላ ምጣዱን፣ በርበሬውንና ሽሮውን ለማየት እንኳ አልፈለገም፤ እለፉ አለን፣ በእጁ ብቻ።

ከፖርት ኦገስታ እስከ ዳርዊን ያለው መንገድ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙ ስቱዋርት ሃይዌይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1862 አህጉሩን ከደቡብ እስከ ሰሜን ጠረፍ ዘልቆ በተመለሰው በጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ስም ነው። ሰውየው ሲመለስ ዓይኑ ሊጠፋ ደርሶ፣ በቃሬዛ ላይ ተኝቶ ነበር። ታላቅ ሰው ነው። ግን ሚስት ይዞ አልሄደም፤ ስለዚህ ያየው መከራ ሙሉ አይደለም።

ይህን የምለው ካራቫንን ወደ ኋላ የማስገባት ጉዳይ ስላለ ነው። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲገፋ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ካራቫን ማቆሚያ ግቢ ውስጥ አመሻሽ ላይ አዲስ ሰው ሲገባ ነዋሪው ሁሉ ወንበሩን ወደዚያ አዙሮ ይቀመጣል፤ በነጻ የሚታይ ቴአትር ነው። ባለቤቴ ከኋላ ቆማ የአራት ኪሎ የጭነት መኪና ረዳት የሆነች ይመስል «ና! ና! ና! ግራህን ስበር! መልስ! በቃ! በቃ አልኩህ!» ትላለች። የማን ግራ? በስፖኪዮ ውስጥ የማየው አንዴ እጇን፣ አንዴ ነጠላዋን ነው፤ አንዴ ደግሞ ምንም አላይም። ምንም ባላየሁ ቁጥር ፍሬን እይዛለሁ። አንድ ከኩዊንስላንድ የመጣ ሽማግሌ በመጨረሻ ተነሥቶ አጨበጨበ። ቋንቋውን ባያውቅም ትርጉሙ ገብቶታል፤ ሚስቱም በሌላ ቋንቋ ያንኑ ስትለው ነው የከረመችው።

እዚያ ግቢ ውስጥ የሰው ልጅ እኩልነትም አለ፤ ጠዋት ጠዋት ይታያል። የካራቫኑ ሽንት ቤት ከሥሩ የምትወጣ፣ ጎማ ያላት ሳጥን አለችው። እሷን እየጎተቱ ወደ መድፊያው መሄድ፣ ማንም ሳይወስን፣ የባሎች ሥራ ሆኗል። ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ጡረታ የወጣ ሐኪምና ጡረታ የወጣ ባለታክሲ ሳጥናቸውን ይዘው ተሰልፈው «ዛሬ ሰማዩ ጥሩ ነው» ይባባላሉ። ስለ ሳጥኑ ማንም አያነሣም።

በመንገዳችን ላይ ያለው ኩበር ፒዲ ከተማ ነው ሲሉን የመሰለን ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1915 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ ካገኘበት ጀምሮ መሬቱ በቁፋሮ ፍልፈል የሠራው መስሏል። በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚያቃጥል ነዋሪው ብዙው ከመሬት በታች ፈልፍሎ ይኖራል፤ እዚያ ታች ዓመቱን ሙሉ አየሩ ልከኛ ነው። አንድ የሣር ዘለላ የሌለበት የጎልፍ ሜዳም አላቸው፤ ተጫዋቹ አንድ ቁራጭ ሣር ይዞ ይዞራል፤ ኳሱን እሱ ላይ አስቀምጦ ይመታል። ባለቤቴን ግን የማረካት ሰርቦች ከዓለት ፈልፍለው የሠሩት የነቢዩ ኤልያስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ደረጃውን ወርዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በሩን ሳመች። «እነዚህም ላሊበላን አይተው ነው» አለች። ሰርቦቹ የኦፓል ማዕድን ቆፋሪዎች እንጂ ላሊበላን ያዩ እንዳልሆኑ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ታዲያ መልአክ ነው ያሳያቸው» ብላ ዘጋችው።

አሁን ወደ ሬዲዮው ልምጣ። በዚህ መንገድ ስልክ ለብዙ ኪሎ ሜትር አይሠራም። ስለዚህ ተጓዡ ሁሉ ዩኤችኤፍ ሬዲዮ ያስገባል፤ ቻናል 18 የካራቫን ሰዎች ነው፣ ቻናል 40 የከባድ መኪና ሹፌሮች። አንዱ የማይኩን ቁልፍ ከተጫነ በዙሪያው ያለ ሁሉ ይሰማዋል፤ እሱ እስኪለቅ ድረስ ደግሞ ሌላው አፉን መክፈት አይችልም። ከኩበር ፒዲ ወደ ማርላ ስንሄድ ማይኩ እንዴት እንደሆነ ሳናውቅ ከባለቤቴ ጭን ሥር ገብቶ ተጫነ፤ ሬዲዮው ቻናል 40 ላይ ነበር። እሷ በዚያን ሰዓት እናቴ በመልሳችን ዕለት የተናገረችውን ነገር አንሥታለች። ይህ ንግግር መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። ከኩበር ፒዲ እስከ ማርላ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ሲጋመስ ገና መግቢያው ላይ ነበርን።

ውሃ ልትጠጣ ወገቧን ቀና ስታደርግ ሬዲዮው ተነፈሰ። በአማርኛ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከኋላችሁ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ባለ ሦስት ተሳቢው። ጋሼ ትንሽ ዝግ ቢሉልኝ ላልፋችሁ ነበር። በአማትዎ ነገር ግን እውነትዎን ነው።»

እነዚህ ሮድ ትሬን የሚሏቸው መኪናዎች ርዝመታቸው እስከ 53.5 ሜትር ይደርሳል። አጠገብህ ሲያልፉ ካራቫኑ ይወዛወዛል፤ ሰማይ ለጊዜው ይጠፋል። እኔ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ እጸልያለሁ። ባለቤቴ ማይኩን አንሥታ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አለችው።

አልፎን ሄዶ አቧራው እስኪሰወር ድረስ የደሴ ልጅ መሆኑን፣ ከአደሌድ ዳርዊን እንደሚመላለስ፣ እናቱ በሕይወት እንዳሉና ሚስት እንዳላገባ አጣርታለች። ፉትስክሬይ ያለችው የዕድር ወዳጃችን ልጅ ነርስ መሆኗን መንገር ስትጀምር ሌላ ሹፌር በእንግሊዝኛ ገብቶ ጨርሳችሁ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ።

ኡሉሩ ደረስን። ብዙ ተጽፎበታልና አላበዛም። ከሜዳው 348 ሜትር የቆመ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚቀላ ድንጋይ ነው። ባለቤቱ የአናንጉ ሕዝብ ነው፤ መሬቱ የተመለሰላቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ መውጣት የተከለከለው ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 ጀምሮ ነው። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ባለቤቴ መውጣት የሚከለክል ሕግ ሁሉ ትክክል ይመስላታል። እኔም በዚህኛው እስማማለሁ፤ የሰው ቅዱስ ስፍራ ላይ ጫማ አድርጎ መንጠላጠል ምን ይባላል?

ዝንቡን ሳልናገር ባልፍ ግን ግፍ ነው። የዚያ አገር ዝንብ ምግብህን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ዓይንህንና አፍንጫህን ነው። ሰዉ ኮፍያው ላይ መረብ አድርጎ ይሄዳል። በመረብ ውስጥ ሆኖ መጎራረስ ያስቸግራል።

በካራቫን ማቆሚያው ግቢ አሥር ሰዓት ግድም ሲል ሰዎቹ ሃፒ አወር ይላሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ወንበርና የራሱን መጠጥ ይዞ ይሰበሰባል። አብዛኛው የሚይዘው በካርቶን የሚሸጠውን ወይን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የፈለሰፈውም በዚያው በመንገዳችን ላይ ባለፍናት በሬንማርክ ከተማ የነበረ ወይን ጠማቂ፣ ቶማስ አንጎቭ ነው። ባለቤቴ ጀበናዋን ይዛ መጣች። የአገሬው ሰው ቡና አንድ ስኒ መሆኑን ነው የሚያውቀው። አቦሉን አመሰገኑ፤ ቶናውን ተገረሙ፤ በረካው ሲመጣ እምቢ ማለት እንደማይቻል ገባቸው። በዚያች ሌሊት በግቢው ውስጥ መብራት ያልበራበት ካራቫን አልነበረም። ዳኛው እኩለ ሌሊት ላይ መኪናውን ሲያጥብ ሰምቻለሁ።

በመጪው ዓመት በናላርቦር ሜዳ በኩል ወደ ፐርዝ እንድንሄድ ተወስኗል፤ ማን እንደወሰነ አትጠይቁኝ። በኤየር ሃይዌይ ላይ በባላዶኒያና በካይጉና መካከል 146.6 ኪሎ ሜትር አንድ ኩርባ የሌለው መንገድ አለ። ባለቤቴ ለእሱ የሚሆን ርዕስ ከወዲሁ መርጣለች፤ የእህቴ ጉዳይ ነው። በዚያ መስመር የምትነዱ የአገሬ ልጆች፣ ቻናል 40ን እባካችሁ አትዝጉ፤ ሽማግሌ ያስፈልገኛል። ቡናው በእኛ፣ ናፍጣው በራሳችሁ።