ኮርስ እንዲህ ይዘጋጃል

ውድ የኦንላይን ኮርስ አዘጋጅ፣ ከሁሉ አስቀድመው ቢሾፍቱ ይውረዱ። በርቀት ማስተማርን በርቀት ከተማሩት አበል የለውም፤ ስለዚህ ሥልጠናው ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ፣ በአካል፣ ከጠዋትና ከከሰዓት ሻይ ጋር መሰጠት አለበት። አሠልጣኙ «ተማሪው ካለበት ሳይነቃነቅ ይማራል» የሚለውን ስላይድ ሲያሳዩ፣ ከጅማና ከደሴ ቀኑን ሙሉ ተጉዘው የመጡ መምህራን አንገታቸውን እየነቀነቁ ማስታወሻ ይይዛሉ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ልምምዱ ለቀጣዩ ዙር ይተላለፋል። በዚህ ቅር የተሰኘ ሠልጣኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሲመለሱ ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል። ግቢው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ለዓመታት ሲሸጠው የኖረውን ሃንድአውት ስካን ያድርጉት። አንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ቢገባ አይጨነቁ፤ ተማሪው ስልኩን ይገለብጠዋል፤ ስልኩ ሲገለበጥ ገጹም አብሮ ይገለበጣል። ይህ በሙያው ቋንቋ ኢንተራክቲቭ ይባላል። ከዚያ ሙድል በተባለው የኦንላይን መማሪያ መድረክ ላይ ይጫኑት። ማርቲን ዱጂያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ በ2002 እ.ኤ.አ. ሙድልን ለዓለም በነፃ ሲለቅ፣ ሰው የሚማረው ከሰው ጋር እየተወያየና በእጁ አንድ ነገር እየሠራ ነው የሚል እምነት ነበረው። ለዚህም ነው መወያያ መድረክ፣ ዊኪ፣ ተማሪ የተማሪን ሥራ የሚገመግምበት ክፍል ሳይቀር በውስጡ የሚገኘው። የዋህ ሰው! እኛ ከዚያ ሁሉ መካከል ፋይል መጫኛዋን አንዲት ቁልፍ መርጠን፣ በውድ የተገዛውን ሰርቨር ፎቶ ኮፒ ቤት አደረግነው። ልዩነቱ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለው።

ቪዲዮም ያስፈልጋል፤ ያለ ቪዲዮ ዘመናዊነት የለም። መምህሩ ክራቫት አስረው ስላይዱን ቃል በቃል ያንብቡ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ማንበብ እንደማይችል የታወቀ ነውና። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይነስ፤ የምስል ጥራቱም የመጨረሻው ከፍተኛ ይሁን። ዕድለኛው ተማሪ ከወላጅ በተላከ ብር ፓኬጅ ይገዛል፤ ፓኬጁም መምህሩ የትምህርት ማዕረጋቸውን ዘርዝረው ሳይጨርሱ ያልቃል። በኮርሱ ይዘት ላይ አንድም ቅሬታ ቀርቦ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ቪዲዮው በስድስት በስድስት ደቂቃ ይቆራረጥ፣ ድምፁ ለብቻው በትንሽ መጠን ይጫን፣ ንግግሩ በጽሑፍም ይቀመጥ፣ ኔትወርክ የሌለው አውርዶ ይዞት ይሂድ የሚሉ ሰዎች አሉ። አይስሟቸው። እነዚህ ኮርሱን ሰው እንዲማርበት የሚፈልጉ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ «ቀጣይ» ወደሚለው ቁልፍ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ፕሮግራም ያወጣው ስኮርም የሚባል ደረጃ አለ፤ በዚህ ደረጃ የተሠራ ኮርስ ለመድረኩ «ተጠናቋል» የሚል መልእክት ይልካል። ውበቱ፣ መልእክቱ መቼ እንደሚላክ የሚወስኑት እርስዎ መሆንዎ ነው። ተማሪው አንድ ነገር ሠርቶ ሲያሳይ ይላክ ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ማን ይደክማል? የመጨረሻው ስላይድ ሲከፈት ይላክ። ያኔ የፀረ ሙስና ኮርስ እንዲወስድ የታዘዘ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ በአንድ እጁ ባለጉዳይ እያስተናገደ በሌላው «ቀጣይ»ን ይነካል። ኃላፊው ደግሞ ሥራ ስለሚበዛባቸው የፀረ ሙስናውን ኮርስ ማታ ቤት ውስጥ ልጃቸው ይጨርስላቸዋል፤ ሰርተፍኬቱ በአባት ስም ታትሞ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልጁ ስለ ሙስና ከዚህ የበለጠ የተግባር ትምህርት የት ያገኝ ነበር?

ፈረንጆቹ ይህን ጥበብ ባለማወቃቸው ተዋርደዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ኮርሴራ በተባለው የኦንላይን ኮርስ መድረክ በኩል አንድ ኮርስ ከፈተ፤ ርእሱ፣ ቀልድ አይደለም፣ የኦንላይን ትምህርት እንዴት ይታቀዳል፣ እንዴትስ ይሰጣል የሚል ነበር። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ቡድን እንዲመሠርቱ በአንድ የጉግል ሰንጠረዥ ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታዘዙ፤ ሰንጠረዡ ያን ሁሉ እጅ መሸከም አቅቶት ተንኮታኮተ፤ ኮርሱም በሳምንቱ ቆመ። ጥፋታቸው ምን እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ተማሪዎቹን አንድ ነገር በጋራ እንዲሠሩ ጠየቋቸው! ፒዲኤፍና «ቀጣይ» ብቻ ቢያስቀምጡ ኖሮ ምን የሚሰበር ነገር ነበረ? ለ40 ሺሁ ሁሉ ሰርተፍኬት በታደለ፣ ነገሩም በሰላም ባለፈ ነበር። ኤም አይ ቲም አልተሻለም። በ2012 እ.ኤ.አ. የሰጠው የሰርኪዩትና የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ 155 ሺህ ያህል ተመዝጋቢ ነበረው፤ ሰርተፍኬት ያገኙት 7,157 ናቸው። ሳምንታዊ የቤት ሥራ፣ የቤተ ሙከራ ልምምድና የምር ፈተና ሲጭኑበት ሌላ ምን ይጠበቃል? ይባስ ብለው ቁጥሩን ራሳቸው በይፋ አወጡት። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ ለቀጣዩ ዓመት ውሉ አይታደስም።

የቀረው ስጋት ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ ነው፤ በየኮርሱ አንድ አይጠፋም። ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፤ መልስ መምህር ይፈልጋል፤ ስክሪን ላይ ለተማሪ መልስ ሲጽፉ ማምሸት ደግሞ ከመምህሩ የሥራ ጭነት ላይ አይቆጠርም። መፍትሔው ዝምታ ነው። ተማሪዋ «ሦስተኛው ምዕራፍ አልገባኝም፣ ሊረዳኝ የሚችል አለ?» ብላ ትጽፋለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱ «እኔም» ይላል። ሌሎች ሠላሳ ተማሪዎች አውራ ጣት ይልካሉ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ሪፖርት ላይ፣ ገጽ አንድ፣ በደማቁ፦ «በመወያያ መድረኩ ከፍተኛ የተማሪዎች ተሳትፎ ታይቷል።»